የተቃጠለ ሱፍ ሽታ በአባ ፊጣ ሱቅ

ባለፈው ሳምንት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ባለው ጸጥ ያለ ረፋድ፣ ጅማ መንደራ ቆጪ በሚገኝ የልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ የተቃጠለ ሱፍ ሸተተኝ። ሽታውም ደስ አሰኘኝ። የሰው ኮት እየነደደ ደስ የሚለው ሰው ወይ ክፉ ነው ወይ አርጅቷል ትሉ ይሆናል፤ ሁለተኛውን አልክድም። ደስታዬን በሥርዓቱ ለማስረዳት ግን ወደ ኋላ፣ ኮት ማሰፋት እንደ ትልቅ ጉዳይ ወደሚቆጠርበት ዘመን፣ መመለስ ይኖርብኛል።

በዚያ ዘመን ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቄ ወደ ጅማ የተመለስኩት ቡና ቀማሽ ሆኜ ነው። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስላል። ከሰርቦ፣ ከሰቃና ከአጋሮ በጆንያ ተጭኖ ከሚመጣው ቡና ናሙና ይወሰዳል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ፍል ውሃ ይፈስበታል፤ ቀማሹ አፍንጫውን ወደ ስኒው ደፍቶ ያሸታል፣ በማንኪያ ፉት ብሎ ይተፋል፣ ከዚያም ይፈርዳል። በደንብ ያልደረቀው ሻጋታ ይሸታል፤ ከከብት ቆዳ ጋር የተጫነው ቆዳ፣ ጭስ ባለበት ጎጆ ያደረው ጭስ ይሸታል። በዚህ አፍንጫ ልጆች አሳድጌያለሁ። ሽቶ አልተቀባሁም፣ በሥራ ቀን ሽንኩርት አልቀመስኩም፤ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከቀማሽ ጋር መኖር ከመነኩሴ ጋር እንደ መኖር ነው ትለኝ ነበር።

የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል ሂርማታ ገበያ ሄጄ ግራጫ ሱፍ ገዛሁና ወደ ልብስ ሰፊው አባ ፊጣ ይዤው ሄድኩ። ያኔ እሱም እንደ እኔ ወጣት ነበር፤ ስሙ ግን ከዕድሜው ቀድሞ ተሰምቷል። የጅማ ጎረምሳ ሁሉ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ኮሌታውን እስከ ትከሻው ዘርግቶ፣ ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ የሚለብስበት ጊዜ ነበር፤ ያ ሱሪ ደግሞ ከእሱ መቀስ ካልወጣ ሱሪ አይባልም። ከሱቁ ፊት ለፊት የነበረው የዘፈን ሸክላ ቤት የድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ የትዝታ ዘፈን ይደጋግማል፤ አጠገቡ ማኪያቶ በስሙኒ ይጠጣል፤ የእኛ ሰው የልብስ መኪናውን ፔዳል በዘፈኑ ምት ይረግጣል። ካውያው የከሰል ነበር። ክዳኑን ከፍቶ እፍ ሲለው ብልጭታው ይወጣል፤ ሙቀቱን ወደ ጉንጩ አስጠግቶ ይለካል። የእኔን ሱሪ ሲተኩስ ግን ከደንበኛ ጋር ጨዋታ ይዞ ጉልበቱ ላይ አቃጠለው። ልረከብ ስመጣ ምንም አልነገረኝም። ሱሪውን አነሣሁ፣ አሸተትኩና «ይህ ሱፍ እሳት ነክቶታል» አልኩት። ሳቀ። ከሱሪው እጥፋት ውስጥ ክር እየመዘዘ፣ አንድ በአንድ እየሸመነ ቀዳዳውን ደፍኖት ነበር። መስኮት ዳር ወስጄ፣ በፀሐይ ገልብጬ፣ የተሠራበትን ቦታ ፈለግሁ። አላገኘሁትም። ያንን ሱሪ እስኪያልቅ ለብሼዋለሁ፤ የትኛው ጉልበት እንደ ነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ዓይንህ ነጻ አውጥቶኝ ነበር፤ የከሰሰኝ አፍንጫህ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ወርቁ መሆኑ ቀርቶ አፍንጫው ሆነ።

ዘመን ሄደ። ሸክላ ቤቱ የሞባይል መጠገኛ ሆነ፤ ባጃጆች መንገዱን ሞሉት፤ ሱፍ የሚለብስ ሰው ጠፍቶ ሱቁ የተማሪ ደንብ ልብስ ይሰፋ ጀመር። ሁለታችንም ሰማንያን ተሻገርን። ሱቁን የሚያስተዳድረው ልጁ ሻፊ ነው፤ አባ ፊጣ ግን በየጠዋቱ መጥቶ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ቁም ነገር ያለው ጨርቅ ሲመጣ የሚቆርጠው እሱ ነበር። እኔም ከቁርስ በኋላ እዚያው ነኝ። እሱ የጥንት ደንበኞቹን ትከሻ ያማል፤ እኔ ያሁኑን ቡና አማለሁ።

የዛሬ ዓመት ገደማ ነው ነገሩ የጀመረው። ጨዋታችን መካከል አባ ፊጣ ቀና ይልና «ጨርቅ ይቃጠላል፤ ካውያውን አንሡ» ይላል። ካውያው ዛሬ የኤሌክትሪክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሶኬቱም የተነቀለ ነው። ከዚያም ዝም ይላል። ዝምታው አጭር ነው፤ ሲመለስ ግን ቀኑንም ደንበኛውንም ያምታታል፤ አንዳንዴ እስከ ምሳ፣ አንዳንዴ እስከ ማግሥቱ። መጀመሪያ ዚክር ላይ ነው ተባለ፤ መቁጠሪያውን እንደ ያዘ ዝም ስለሚል። ቀጥሎ እርጅና ነው ተባለ። አንድ ክሊኒክ ወሰዱት፤ እዚያም ዕድሜውን ጠይቀው የመርሳት ችግር ነው፣ ልመዱት አሏቸው።

የከፋው ቀን የጎረቤታችን ልጅ ለጋብቻ የተጠየቀችበት ቀን ነው። አባ ፊጣ በሰፈሩ ሽምግልና ቃሉ የሚሰማ ሰው ነበር፤ የወንዱን ወገን ወክሎ እንዲናገር ተላከ። ንግግሩን አሳምሮ ጀምሮ ሳለ መሐል ላይ ቆመ። ተሰብሳቢው ሁሉ፣ በአዛውንት ላይ ዓይን መትከል ነውር ነውና፣ አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቆይቶ አባ ፊጣ ዙሪያውን ተመለከተና «ኢና ሊላሂ፤ ማን ሞተ?» ሲል ጠየቀ።

ለሙሽራ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይረዳል። ጋብቻው አልፈረሰም፤ እሱን ግን ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና የጠራው የለም። ሻፊ ትልቁን መቀስ ከጠረጴዛው አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፤ ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፣ እጁን እንዳይቆርጥ ፈርቶ ነው። ከዚያም አዲስ አበባ እህቱ ዘንድ ሊልከው አሰበ። አባ ፊጣ ይህን ሲሰማ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አፍንጫው፣ እውነት አእምሮዬ ሄዶ ከሆነ አንተ ንገረኝ። እነሱ አይነግሩኝም፤ ያከብሩኛል።»

ወደ አእምሮዬ የመጡት በወጣትነቴ ሰርቦ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ቡና ነጋዴ ነበሩ። ባለ ካቦርትና ባለ ከዘራ፣ ረጅም ሰው። ገዢ ዋጋ ሲጠራላቸው አንዳንዴ ድንገት ጭልጥ ይላሉ፤ ዓይናቸው እንደ ተከፈተ፣ አፋቸው ባዶውን እንደሚያኝክ። ገዢው ዋጋው ያነሰባቸው እየመሰለው ይጨምራል። አሁንም ዝም ካሉ አሁንም ይጨምራል። በሰርቦ ገበያ እንደ እሳቸው ተደራዳሪ የለም ይባል ነበር፤ እኛ ወጣቶቹም ያንን ዝምታ ልንማረው እንሞክር ነበር። እያደር ዝምታው በዛ፤ ሚዛን ላይ ሆነው፣ መስጊድ ሆነው፣ ማዕድ ላይ ሆነው። ቤተሰቦቻቸው አእምሯቸው ተነካ ብለው ጓሮ ባለች ክፍል አስቀመጧቸው፤ እዚያው ሞቱ። በሽታ ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኛ የምናውቀው የሚጥል በሽታ ሰው ገበያ መሐል ሲወድቅ፣ አረፋ ሲደፍቅ፣ ሰዎች ክብሪት ጭረው ወደ አፍንጫው ሲያስጠጉለት የምናየውን ነበር፤ እሱም የወጣት እንጂ የሽማግሌ መስሎ አይታየንም ነበር። አባ ፊጣ ለዚያች የጓሮ ክፍል እንዳይታጭ ፈራሁ።

ሻፊ በልመናዬ ብዛት ወደ አንዲት ሐኪም ልንወስደው ተስማማ። ዶክተር አማረች ትባላለች። አባቷ ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥተው ሰቃ የቀሩ የቀን ሠራተኛ እንደ ነበሩ በኋላ ሰምቻለሁ፤ ያን ቀን ያየሁት ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ለማንም የማትቸኩል ሴት ነው። በዕድሜዬ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ የሥራ ጥራት በማየትም የማልመች ሰው ነኝ። ስለዚህች ልጅ ግን የምነቅፈው ፈልጌ አጥቻለሁ። ከገባን ጀምሮ የክሊኒኩ ሰዎች እንዳደረጉት በአባ ፊጣ ራስ ላይ አሳልፋ ልጁን አልጠየቀችም። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ «አካም ቡልታን፣ አባ ፊጣ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችው፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ጨርቅ፣ ስለ ልጆቹ አጫወተችው። እሱም ስለ ገበርዲንና ስለ ተሪሊን ልዩነት አስተማራት። ስታዋራው ቆይታ ነው ወደ እኛ የዞረችው።

«አቶ ሻፊ፣ አባትዎ ዝም ሲሉ ዓይናቸው ወዴት ነው የሚያየው?»

«እኔ እንጃ፣ ዶክተር።»

«እጃቸውስ? የትኛው እጅ ነው የሚንቀሳቀሰው?»

ሻፊ ፊቱ ቀላ። «ወላሂ አላውቅም። አባቴን እንደዚያ ሆነው እንዴት አያቸዋለሁ? ዞር እላለሁ እንጂ። ሠራተኞቹም ዞር ይላሉ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። አስተዳደጉን አመሰገነችለት፤ ከዚያም ይህ በሽታ የሚታወቀው ባየ ሰው ዓይን መሆኑን አስረዳችው። ሐኪሙ ዘንድ ሲመጡ ያ ነገር አልፏል፤ ታማሚው ራሱ አያስታውሰውም፤ ያየው ሰው አንገቱን ከደፋ ደግሞ በዓለም ላይ ምስክር የለም። በስልኩ እንዲቀርጸው ጠየቀችው። ሻፊ ሌላውን ሁሉ አደርጋለሁ፣ አባቴን ግን አልቀርጽም አለ። እሷም አልተጫነችውም። ወደ እኔ ዞራ «እርስዎ እኩያቸው ነዎት፤ እርስዎ ቢያዩዋቸው ነውር የለውም» አለችኝ።

የልብ ምርመራና የደም ስኳር ታዘዘለት፤ ሁለቱም ደህና ሆኑ። በራሱ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎ የአንጎሉ ኤሌክትሪክ ተለካ፤ እሱም ደህና ሆነ። ሻፊ «እንግዲህ ምንም የለም ማለት ነው» ሲል ዶክተሯ ማሽኑ ያየው ያንን ሰዓት ብቻ እንደሆነ ነገረችው። ይህ ለእኔ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ከጆንያው የወጣው ናሙና ንጹሕ መሆኑ ጆንያው ንጹሕ ነው እንደማያሰኝ የዕድሜ ልክ ሥራዬ አስተምሮኛል። እንደገና ናሙና ይወሰዳል።

ስለዚህ በየጠዋቱ ከአባ ፊጣ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ከባድ ሥራ ነበር፤ እኔንም ያሳደጉኝ እንደነ ሻፊ ነው። አንድ ቀን ቀና ብሎ «ካውያውን አንሡ» አለ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ግድግዳ ዞረ፤ የእኔም አንገት ሊደፋ ቃጣው፣ ከለከልኩት። ፊቱ ደም አጣ። ዓይኖቹ ተከፍተው ከግድግዳው ወዲያ ባለ ነገር ላይ ተተከሉ። አፉ ምንም ሳይኖርበት አኘከ። ግራ እጁ ጭኑ ላይ ጸጥ አለ፤ ቀኝ እጁ ግን የሸሚዙን ጫፍ በሁለት ጣት እየቆነጠረ የሌለ ክር ይነቅላል። በስሙ ጠራሁት፤ ከዚያም በዚያ በሸክላ ቤቱ የትዝታ ዘፈን ስንኝ ሞከርኩት፤ አልሰማኝም። አንዱ ሠራተኛ ክብሪት ጭሮ ሲጠጋ መለስኩት። አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀድቶ ስኳሩ እስኪሟሟ ከሚፈጀው ባልበለጠ ጊዜ አለፈ። ከዚያ በኋላ እስከ ቀትር ድረስ አንዱን ደንበኛ መጣ ወይ እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት ወዲህ፣ ራሱን ሆኖ፣ የኮሌታዬን መጣመም እያነሣ ሲሳለቅብኝ አመሸ።

ይህን ሁሉ ለዶክተር አማረች ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «‹ጨርቅ ይቃጠላል› ሲሉ፣ ለእርስዎስ ሸቶዎታል?»

«አልሸተተኝም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

አባ ፊጣ ከወንበሩ ሳቀ። «ልጄ፣ ይህን ሰውዬ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ሚስቱም አልጠየቀችውም።»

እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ግን ቃሏን መርጣ ተናገረች። ይህ የሚጥል በሽታ ነው አለች። በእርጅናም ይጀምራል፤ እንዲያውም በጣም ባረጁ ሰዎች ላይ መጀመሩ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሽታው የሚመጣው ከካውያው ሳይሆን ከአንጎሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ሰዓት መምታታቱም በሽማግሌ ዘንድ የሚጠበቅ ነው።

አባ ፊጣ ተቆጣ። «እኔ መቼ ወደቅኩ? የሚጥል የሚባለው የሚጥለውን ሰው ነው።»

«ሁሉንም አይጥልም፣ አባባ። እርስዎን ለትንሽ ጊዜ ይወስድዎታል፣ ከዚያም ይመልስዎታል።»

«አእምሮዬንስ?»

ይህን ሲጠይቅ ድምፁ ተለወጠ፤ ሻፊም ወለሉን ማየት ጀመረ። ዶክተሯ የጋብቻ ጥያቄውን ቀን ታሪክ ከእኛ ሰምታ ነበርና እሱን አነሣች። «‹ማን ሞተ› ብለዋል አሉኝ። እኔ ያን ስሰማ ነው ተስፋ ያደረግሁት። ከሄዱበት ሲመለሱ ቤት ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ አገኙ። እኔም ብሆን ማን ሞተ እላለሁ። ያዩትን አይተው የተረዱት በትክክል ነው፤ የሸሸግንብዎት እኛ ነን።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አንድ ሰው በአንድ ንግግር ለሌላው ማንነቱን መልሶ ሲሰጠው አላየሁም። አባ ፊጣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ መልሶም ሳያደርገው ብዙ ቆየ።

የአንጎሉ ፎቶ ሲነሣ አሮጌ ጠባሳ ተገኘበት። ያኔ ሻፊ ትዝ አለው፤ ከጥቂት ዓመት በፊት የአባቱ አፍ አንድ ቀን ጠመም ብሎ ነበር። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆለት በማግሥቱ ሲሻለው ተረስቷል። ዶክተሯ ያ ትንሽ የአንጎል ምት ሳይሆን እንዳልቀረ፣ የአሁኑም የዚያ ጠባሳ ሥራ እንደሚመስላት ነገረችን፤ ከመድኃኒቱም በጥቂቱ ጀምራ ቀስ እያለች ጨመረችለት፤ እንዳያዞረው፣ እንዳይወድቅ፣ ሽንት ቤት ሲሄድ ሰው እንዳይለየው አስጠነቀቀች። ረመዳን ሲመጣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ነገረችው፣ ቢፈቅድ ባይጾም ይሻለው እንደሆነ ጠየቀችው፤ እሱ እምቢ ሲል ኪኒኑን ከሱሁርና ከኢፍጣር ሰዓት ጋር አስማማችለት። የእሷ እምነት ሌላ መሆኑን የሚያውቀው አባ ፊጣ ይህንን ለሰፈሩ ሁሉ ነግሯል። ሲሰናበታት «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ እሷም «ጌታ ይመስገን» አለች፤ ሁለቱም የተግባቡ ይመስላሉ።

ወራት አለፉ፤ «ካውያውን አንሡ» የሚለው ድምፅ ቀረ። ዶክተሯ ስትፈቅድ ሻፊ መሳቢያውን ከፍቶ መቀሱን በሁለት እጁ ለአባቱ አቀበለ። የአዲስ አበባው ነገር ሳይነሣ ቀረ። ለሽምግልና ግን የጠራው አልነበረም፤ ሰው አንዴ የፈራውን ቶሎ አይለቅም።

እንግዲህ ወደ ባለፈው ሳምንት ልመለስ። ብዙ ዘመን ሳናይ ቆይተን እውነተኛ ሱፍ ወደ ሱቁ መጥቶ ነበር፤ ባለቤቱ ያኔ የጎረቤታችንን ልጅ ያገባው ሰው ራሱ ነው፣ የአባቱን ኮት በልኩ ሊያሳንስ። ሻፊ እየተኮሰ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ ካውያውን የኮቱ እጅጌ ላይ እንደ ተወው ወደ በሩ ወጥቶ ማውራት ያዘ። የመተኮሻው ጠረጴዛ ከጀርባችን ነው። አባ ፊጣ ከመቀሱ ቀና አለ።

«ጨርቅ ይቃጠላል» አለ። «ካውያውን አንሡ።»

ሻፊ ስልኩን ዘጋና እንደ ልማዱ አንገቱን ደፋ። ሠራተኞቹ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ባለ ኮቱም ወለሉን ማየት ጀመረ። ከጀርባችን ጭሱ ሽቅብ ሲወጣ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየውም። አባ ፊጣ ዙሪያውን አየ፤ የተደፋውን አንገት ሁሉ አየ፤ ፊቱ ላይ ያ የጥንት ፍርሃት መጣ። ወደ እኔ ዞረ።

አሸተትኩ። «ሱፍ ነው» አልኩት። «ይቃጠላል።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

«እርግጠኛ ነኝ፣ አባ ፊጣ። ለእኔም ሸቶኛል።»

ከዚያ በኋላ ነው ሻፊ ቀና ያለው፤ ሮጦም ካውያውን አነሣ። እጅጌው ላይ የካውያው አፍ ቅርጽ ጠቁሮ ቀርቷል። አባ ፊጣ ኮቱን ወደ መስኮት ወሰደው፣ ገልብጦ አየው፣ ከእጥፋቱ ውስጥ አንድ ክር መዘዘ፤ መርፌ እንዲያቀብሉትም ጠየቀ። ባለ ኮቱን ደግሞ ነገ ና፣ የትኛው እጅጌ እንደሆነ ካገኘኸው ሌላ ኮት እሰፋልሃለሁ አለው።

በማግሥቱ ከሰውየው ቀድሜ ደርሼ ኮቱን በፀሐይ ገልብጬ ፈለግሁ። ምንም አላገኘሁም። አባ ፊጣ እንዳልተሳሳተ የሚመሰክረው ሽታ ግን አልጠፋም፤ ሰውየው መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ኮቱን ከእጄ አላወረድኩትም።